ከረሃቡ በኋላ የመጣው ረሃብ፦ የሚኒሶታው ጥናት ስለ ዳይትና ከቁጥጥር ስለወጣ አበላል ያሳየው

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩ

ዳይት ሰኞ ይጀመራል። እስከ ሐሙስ ጥሩ ይሄዳል። ቅዳሜ ማታ ግን ሁሉም ነገር ባንዴ ይፈርሳል። ሰውየው ፍሪጁ ፊት ቆሞ ይበላል። ከጠገበ በኋላም ይበላል። ሆዱን እያመመውም ይበላል። በነጋታው ያፍራል፣ ራሱን ይሰድባል፣ ከዚያም ካለፈው የባሰ ጠንካራ ዳይት ያወጣል።

ብዙ ሰው ይህን የሚያየው እንደ ጸባይ ድክመት ነው። «ራሴን መግዛት አቃተኝ» ይላል። ዘመድና ጓደኛም ያንኑ ይደግምለታል። ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይ ይህን አስተያየት ክፉኛ ይፈትነዋል። ሰዎቹ ጤነኞች ነበሩ። በፈቃዳቸው ነው የገቡት። ላመኑበት ነገር ዋጋ መክፈል እንደሚችሉም አስቀድመው አሳይተዋል። የደረሰባቸው ግን ያው የቅዳሜ ማታው ነገር ነው፣ ያውም በብዙ እጥፍ።

ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተሳታፊዎቹን ስም አልጠቅስም።

ዳራ

ጊዜው 1944 ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማብቂያው እየተጠጋ ነው። አውሮፓ ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተርቧል። ጦርነቱ ሲያበቃ ይህን ሕዝብ መመገብ የግድ ነው። ችግሩ፣ ለወራት የተራበን ሰው እንዴት ወደ ጤናው መመለስ እንደሚቻል በደንብ የሚያውቅ አለመኖሩ ነበር። ስንት ካሎሪ ይሰጠው? ፕሮቲን ይጨመርለት? ቫይታሚንስ?

በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አንሴል ኪይስ መልሱን በሙከራ ለማግኘት ተነሡ። ኪይስ ኬ ራሽን የሚባለውን የወታደር ስንቅ በማዘጋጀት ይታወቃሉ። ላቦራቶሪያቸው የነበረው በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር ነው።

ተሳታፊዎቹ 36 ወጣት ወንዶች ናቸው። በእምነታቸውና በሕሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ያሉ፣ በውትድርና ፈንታ በሲቪል አገልግሎት የተመደቡ ሰዎች ናቸው። ጦርነትን የሚቃወሙ የክርስትና ወገኖች የሆኑት ኩዌከሮችና ሜኖናይቶች ነበሩባቸው። አገር ሁሉ ሲዘምት «አልዘምትም» ማለት በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ ለተራቡት አንድ ነገር ማበርከት ይፈልጉ ነበር። ከአመልካቾቹ መካከል የተመረጡት በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት የመለኪያ ጊዜ ነበሩ። እያንዳንዱ በቀን 3,200 ካሎሪ ገደማ ይበላ ነበር። ከየካቲት 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንታት መጠኑ ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ ወረደ። ቀኑ ሁለት ገበታ ሆነ። ድንች፣ ጥቁር ዳቦ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሥራ ሥር፣ መኮሮኒ። ሥጋና ወተት እምብዛም። በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር መራመድ ግዴታ ነው። ግቡ እያንዳንዱ ሰው የክብደቱን አንድ አራተኛ ያህል እንዲቀንስ ነበር። ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ዳቦው ይጨመራል ወይም ይቀነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ረሃብን ለመፍጠር ተብሎ የተመደበው መጠን 1,570 ካሎሪ ነው። ዛሬ በስልካችን የሚዘዋወሩት የዳይት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከዚህ በታች ናቸው። «በቀን 1,200» የሚለውን ያልሰማ የለም። በእርግጥ እነዚያ ወንዶች ብዙ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ሲጀመርም ወፍራም አልነበሩም። ቁጥሩን ከቁጥር ጋር ብቻ ማወዳደር አይቻልም። ቢሆንም ሳይንቲስቶች «ረሃብ» ብለው የመዘገቡትን መጠን እኛ «ጤናማ አመጋገብ» ብለን መሸጣችን ያስገርማል።

ችግሩ እንዴት ተገለጠ

አካላዊው ለውጥ የተጠበቀ ነበር። ክብደታቸው በአማካይ ከ69 ኪሎ ገደማ ወደ 53 ኪሎ ገደማ ወረደ። የልብ ምታቸው ዘገየ። ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ የሚያቃጥለው ጉልበት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በበጋም ይበርዳቸው ነበር። ፀጉራቸው ሳሳ፣ እግራቸው አበጠ፣ ለፆታ ግንኙነት የነበራቸው ፍላጎት ጠፋ።

ያልተጠበቀው የሐሳባቸው ነገር ነው። ምግብ አእምሯቸውን ያዘው። ወሬያቸው ስለ ምግብ ሆነ፣ ሕልማቸውም እንደዚያው። ምግብ ማብሰል ጉዳያቸው ያልነበረ ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብና ማንበብ ጀመሩ። ገበታ ላይ ሲቀርቡ አንዱ ሳህን ሁለት ሰዓት ያህል ይወስድባቸው ነበር። ይቆራርጡታል፣ ያደባልቁታል፣ ብዙ እንዲመስል ውኃ ይጨምሩበታል። ሳህን የሚልሱም ነበሩ። ዳይት ላይ የከረመ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ሊያይበት ይችላል፤ ማታ ማታ የማይበላውን ምግብ ቪዲዮ ሲያይ የሚያመሸው እሱ ነውና።

ቡናና ማስቲካ መጀመሪያ አልተከለከሉም ነበር። አንዱ ተሳታፊ በቀን እስከ 40 ፓኬት ማስቲካ ማኘክ ደረሰ፤ አፉ ቆሰለ። ቡናና ሻይም ከልክ አለፈ።

ከዚያ መፍረስ መጣ። ግሮሰሪ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ተሳታፊ በሥራ ላይ እያለ ራሱን መግታት አቃተው። ብስኩት በላ፤ አንድ ከረጢት ፈንዲሻ ጨመረ፤ ከመጠን በላይ የበሰሉ ሁለት ሙዞች አስከተለ። መጠኑ ለሌላ ሰው መክሰስ ነው። እሱ ግን ወዲያው በጭንቀት ተናወጠ፣ አቅለሸለሸው፣ ላቦራቶሪው ሲደርስም አስታወከ። ራሱን ተጸየፈ፣ ራሱን ወቀሰ። ሌላው በተደጋጋሚ አይስክሬምና ጣፋጭ በላ፤ እስከ መስረቅም ደረሰ፤ በመጨረሻ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ገብቶ ከጥናቱ ወጣ።

የዚህን ቅደም ተከተል በጥሞና ያስተውሉ። መጀመሪያ እገዳ። ቀጥሎ የማያቋርጥ የምግብ ሐሳብ። ቀጥሎ በአንድ አፍታ መሸነፍ። መጨረሻ ላይ ኀፍረት። ዛሬ ክሊኒክ የሚመጡ ሰዎች የሚያወሩትም በዚሁ ተራ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች፣ የሠሩትና ያልሠሩት

የተመራማሪዎቹ የመጀመሪያ ምላሽ ጥበቃን ማጥበቅ ነበር። ማንም ሰው ብቻውን ከግቢ እንዳይወጣ ተደረገ፤ ጓደኛ አስከትሎ ነው። ቡና በቀን ዘጠኝ ስኒ ላይ ቆመ። ማስቲካም ተገደበ። የጣሱት ከጥናቱ ተሰናበቱ፤ በመጨረሻ ውጤታቸው ሙሉ በሙሉ የተቆጠረላቸው 32 ሰዎች ናቸው።

ጥበቃው ጥናቱን አድኗል። የቀሩት ሰዎች መጠኑን ጠብቀው እስከ ሐምሌ ማብቂያ ዘለቁ። ፍላጎቱን ግን አላጠፋውም። እንዲያውም ሳምንት በሳምንት እየባሰ ሄደ። ይህ መለየት አለበት። ሰውን ከምግብ መከልከል ይቻላል፤ የተከለከለው ሰው ስለ ምግብ እንዳያስብ ማድረግ ግን አይቻልም።

ከሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ የማገገሚያው 12 ሳምንት መጣ። ሰዎቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ። ለአንዱ ቡድን በቀን 400 ካሎሪ ተጨመረለት፣ ለሌሎቹ 800፣ 1,200 እና 1,600። ከየቡድኑ ገሚሱ ፕሮቲን፣ ገሚሱ ቫይታሚን ተጨማሪ አገኘ። ቫይታሚኑም ፕሮቲኑም ያን ያህል ለውጥ አላመጡም። ትንሹን ጭማሪ ያገኙት ሰዎች ላይ የማገገም ምልክት አልታይ አለ። ተስፋ መቁረጥና ንዴት እንዲያውም በዚህ ወቅት በረታ። ከረሃቡ የባሰው ጊዜ ይህ ነበር ያሉ አሉ። ከተሳታፊዎቹ አንዱ በዚሁ ወቅት እንጨት ሲፈልጥ በመጥረቢያ ሦስት ጣቶቹን ቆረጠ፤ ሆን ብሎ ይሁን በስህተት እሱ ራሱ እርግጠኛ መሆን አልቻለም።

የሠራው ነገር ቀላል ነው፤ በቂ ምግብ። ኪይስ የደረሱበት መደምደሚያ፣ እንዲህ የከሳ ሰው ለወራት በቀን ወደ 4,000 ካሎሪ ያስፈልገዋል የሚል ነበር።

ገደቡ ሲነሣ

የጉዳዩ ዋና ክፍል ይህ ነው። ሰው «ረሃቡ ሲያልፍ መስገብገቡም ያልፋል» ብሎ ይጠብቃል። የሆነው ሌላ ነው።

ከጥቅምት 1945 በኋላ 12 ተሳታፊዎች ለተጨማሪ 8 ሳምንታት ላቦራቶሪው ውስጥ ቆዩ። ያሻቸውን፣ ያሻቸውን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደ። አንዳንዶቹ በቀን ከ8,000 እስከ 10,000 ካሎሪ በሉ። ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ሲበላ የከረመ ነበር። አንዱ ሊፈነዳ እስኪደርስ ከበላ በኋላም ራበኝ ይል ነበር። ሌላው መዋጥ እስኪያቅተው ይበላል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ እንደገና ያምረዋል። አንደኛው ደግሞ የጥጋብ ነጥቡን ፈልጎ ስላጣው ከምግብ አካባቢ መራቅን መረጠ። ከመጠን በላይ ከመብላት የተነሣ ሆስፒታል ገብቶ ሆዱ የታጠበም አለ።

ከጥናቱ በፊት እነዚህ ሰዎች እንዲህ አይበሉም ነበር። የሦስት ወሩ የመለኪያ ጊዜ መዝገብ አለ። ያልነበረ ባሕርይ መጣ፤ መንስኤውም ይታወቃል።

ምግብ ከተመለሰ አምስት ወር ገደማ ሲሆነው የብዙዎቹ አበላል መስተካከል ጀመረ። ከስምንት ወር በኋላም ጥቂቶች ገና አልተስተካከሉም ነበር። አንዱ ከቀድሞው በሩብ ያህል ጨምሮ ይበላ ነበር። ክብደቱ ሲያሳስበው መጠኑን ሊቀንስ ሞከረ። ረሃቡ ስለበረታበት ሊቋቋመው አልቻለም፤ ተወው። ከመዝገቡ ሁሉ ለዛሬ አንባቢ ቅርብ ሆኖ ያገኘሁት የዚህን ሰው ታሪክ ነው። ለዳይት ያነሣሣው ረሃቡ ራሱ ያመጣው ውፍረት ነበር።

ክብደት የተመለሰበት መንገድም ይነገር። መጀመሪያ የተመለሰው ስብ ነው፤ ጡንቻ ወደኋላ ቀረ። መረጃው በ1990ዎቹ እንደገና ሲመረመር፣ የጠፋው ጡንቻ ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ከልክ ያለፈው የመብላት ፍላጎት እንደቀጠለ ታየ። በዚህም ምክንያት ስቡ ከመነሻው በላይ ሄደ። «ዳይት ካቆምኩ በኋላ ከበፊቱ ይብስ ወፈርኩ» የሚለው እሮሮ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ከረሃብ ወደ ዳይት

ጥናቱ የታተመው በ1950 ነው። ያኔ ማንም ስለ ዳይት አላሰበም። ግንኙነቱን ያነሡት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በኋላ ነው።

በ1975 የታተመ አንድ ሙከራ ዝነኛ ነው። ሴት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጣዕም እንዲያመዛዝኑ ተጠሩ። ለአንዳንዶቹ መጀመሪያ ወፍራም ሚልክሼክ ተሰጠ፣ ለአንዳንዶቹ አልተሰጠም። ቀጥሎ የፈለጉትን ያህል አይስክሬም ቀረበላቸው። ዳይት የማያሳስባቸው ተማሪዎች ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ ትንሽ አይስክሬም በሉ፤ ሆዳቸው ሞልቷላ። ምግባቸውን ዘወትር የሚገድቡት ግን ተገላቢጦሽ ሆኑ። ሚልክሼኩን ከጠጡ በኋላ የበሉት አይስክሬም ካልጠጡት በለጠ። «በቃ፣ ዛሬስ ተበላሽቷል» የሚለው ስሜት ነው። ሕጉ ከተጣሰ በኋላ የሚያቆም ነገር የለም፤ እስከ ነገ ድረስ ነጻ ቀን ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ሞተር አለ። አንዱ የአካል ነው። ስብ ሲቀንስ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይወርዳል፣ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል። በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው፣ በጠንካራ ዳይት ክብደት በቀነሱ ሰዎች ላይ ይህ ለውጥ ከአንድ ዓመት በኋላም አልጠፋም። ሌላው ሞተር የሐሳብ ነው፤ ምግብን «የተፈቀደ» እና «የተከለከለ» ብሎ መክፈል። የሚኒሶታ ሰዎች የመጀመሪያው ነበራቸው። የ1975ዎቹ ተማሪዎች ሁለተኛው። የኛ ሰኞ ጀማሪ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል።

ሌላም ማስረጃ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርከው ብዙ ክብደት ያጡ የካናዳ ወታደሮች ከዓመታት በኋላ ሲጠየቁ፣ ካልተማረኩት ጓዶቻቸው ይልቅ ከቁጥጥር የወጣ አበላል በዝቶባቸው ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ለቁንጅና ብለው አልከሱም።

ጉዳዩ የማይሸከመው

ከዚህ ተነሥቶ «ዳይት ሁሉ ከቁጥጥር የወጣ አበላል ያመጣል» ማለት ስህተት ነው። ተሳታፊዎቹ ቀጭን ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ የተራቡትም ግማሽ ዓመት ነው። በባለሙያ ክትትል፣ ቀስ ብለው፣ በመጠኑ ክብደት የሚቀንሱ ወፍራም ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ችግር በአብዛኛው አልጨመረም፤ አንዳንዴም ቀንሷል። በሌላ በኩል፣ በዚህ ችግር ከሚሠቃዩት ሰዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዳይታቸውን የያዙት ችግሩ ከጀመራቸው በኋላ ነው። ኀዘን፣ ብቸኝነት፣ በልጅነት በመልክ መሰደብ፣ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ዳይት በብዙዎች ላይ እሳቱን ያቀጣጥላል፤ ክብሪቱ ግን ሁልጊዜ እሱ አይደለም።

ይህን ሙከራ ዛሬ መድገምም አይቻልም። የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም፤ መፍቀድም የለበትም።

ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው

በመጀመሪያ የሚቀየረው ጥያቄው ነው። ከቁጥጥር ውጭ የበላ ሰው «ትናንት ማታ ምን ነካኝ?» ይላል። የሚሻለው ጥያቄ «ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ምን ያህል በላሁ?» ነው። ቁርስ ዘልሎ፣ ምሳ ሰላጣ ብቻ በልቶ፣ ማታ የፈረሰ ሰው ችግሩ የተፈጠረው ማታ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ከመፍረስ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው። አብዛኛው ሰው በነጋታው ባለመብላት ሊያካክስ ይሞክራል። ይህ የሚኒሶታን ረሃብ በትንሹ እንደገና መጀመር ነው። ለዚህ ችግር የተዘጋጀው የኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ሕክምና (ሐሳብንና ልማድን በንግግር የሚያስተካክል ሕክምና) በተቃራኒው ይሄዳል። በነጋታው ቁርስ በሰዓቱ ይበላል። በቀን ሦስት ገበታና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ ይያዛል፤ በመካከላቸው ከአራት ሰዓት በላይ ክፍተት እንዳይኖር ይጣራል። ለብዙዎች ይህ እብደት ይመስላል። «ጭራሽ ብላ ልትሉኝ ነው?» ይላሉ። ነገር ግን መደበኛ አበላል ሲጀመር የመፍረሱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ቶሎ ይቀንሳል። የተከለከሉት ምግቦች የሚመለሱት ቀስ በቀስ ነው፤ በሰው መካከል፣ በገበታ ላይ፣ በትንሹ።

ሦስተኛው ቤተሰብን ይመለከታል። ልጅቷ ስትከሳ «እንዴት አምሮብሻል!» የሚሉ አክስቶች፣ ስትወፍር ደግሞ ከሰው ፊት «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያበጥሽው?» የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ቀጥለውም ጉርሻ ያቀርባሉ። ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ስለ ሰውነቷ አስተያየት መስጠት ትተው አብሯት መብላት ቢቀጥሉ ግን ይበቃል። የበላችውን መቁጠርና ቁምሳጥን መቆለፍም አይረዳም፤ ሚኒሶታ ላይ ጥበቃው ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ አይተናል።

ስለ ጾም የሚጠይቅ ይኖራል። የሃይማኖት ጾም ዓላማው ክብደት አይደለም፤ የብዙ ሰውም አበላል በጾም አይናጋም። ችግር የሚመጣው ጾሙ ለዳይት ሽፋን ሲሆን ነው። ሁዳዴን ሙሉ «በዚያውም ልቅጠን» ብሎ ከጾሙ ሥርዓት በላይ ምግብ የሚቀንስ ሰው ፋሲካ ላይ የሚሆነው ለዶሮ ወጡ ካለው ፍቅር ብቻ አይደለም። ከቁጥጥር ውጭ የመብላት ችግር ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ቢነጋገር መልካም ነው።

መቼ ወደ ሐኪም ይኬድ? ሌላ ሰው በዚያው ጊዜ ውስጥ ከሚበላው እጅግ የሚበልጥ ምግብ ማቆም እያቃተው የሚበላ፣ ይህም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር የቀጠለበት ሰው በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መለያ መመሪያ የተመዘገበ ሕመም ሊኖርበት ይችላል። መመሪያው ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ የመደበው በ2013 ነው። ሕክምና አለው። ሆን ብሎ የሚያስታውክ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለው ሰው ግን ሦስት ወር አይጠብቅ። ማስታወክም የሚያስቀምጥ መድኃኒትም የደም ፖታሲየምን አውርደው የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ። ክብደቱ የተስተካከለ መምሰሉ አያዘናጋ፤ ለሐኪሙም ከምግብ በኋላ የሚያደርገውን ሳይደብቅ ይንገረው፣ የደም ምርመራው የሚታዘዘው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነውና።